በብርሃን የምትሠራ የሴት ሰዓት የክት አትሆንም

ጎንደር ውስጥ ጥሩ የሴት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው በስጦታ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ይልካታል፤ ወይ ለሠርግ፣ ወይ ለምርቃት ትበረከታለች። ከዚያ በኋላ ከጥሩ ቀሚስና ከወርቁ ጋር ቁም ሣጥን ትገባለች። ለጥምቀት ትወጣለች፣ ለፋሲካ ትወጣለች፣ ሠርግ ሲኖር ትወጣለች። ሰዓቷ ተራ ባትሪ የምትጠቀም ከሆነች ይህ አያያዝ ያን ያህል አይጎዳትም፤ ባትሪው ሲያልቅ ፒያሳ ወርዶ ማስቀየር ነው። ገጿ ላይ «ኢኮ ድራይቭ» የሚል ጽሑፍ ያለባት፣ ሲቲዝን የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራት በብርሃን የምትሠራ ሰዓት ከሆነች ግን ነገሩ ሌላ ነው። እሷን የሚገድላት አለመታሰር ነው። በየቀኑ ክንድ ላይ የምትውል ሰዓት ለዓመታት ትሠራለች፣ በጨርቅ ተጠቅልላ የተቀመጠች ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ትቆማለች። እንደተጠቀለለች ዓመት ሁለት ዓመት ከቆየች ደግሞ ባትሪዋ ጭራሽ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ሰዓቲቱን ከሰጡን ሰዎች ይልቅ ሰዓቲቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

አሠራሯ ይህን ይመስላል። ቁጥሮቹ ያሉበት ገጽ ከላይ ሲያዩት ነጭ ወይም ሰማያዊ ወይም የዛጎል ቀለም ያለው ጠጣር ነገር ይመስላል፤ በእርግጥ ግን እንደ ነጠላ ነው፣ ይሸፍናል ግን ያሳልፋል። ከሥሩ ጠቆር ያለ ስስ ሶላር አለ። በመስታወቱና በገጹ አልፎ የሚደርሰውን ብርሃን ሶላሩ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፣ ኤሌክትሪኩ ቻርጅ የምትደረግ ትንሽ ባትሪ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ባትሪዋ ደግሞ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ያላትን ማሽን ታንቀሳቅሳለች። ከዚህ በኋላ ያለው ከማንኛውም የኳርትዝ ሰዓት አይለይም፤ በወር ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ብትቀድም ወይም ብትዘገይ የተለመደ ነው። ልዩነቱ ባትሪዋ ላይ ነው። በብዙ ትናንሽ የሴት ሰዓቶች ውስጥ ያለችው ኤምቲ621 የምትባለው ናት፤ ስፋቷ 6.8 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 2.1 ሚሊሜትር፣ ኃይሏ 1.5 ቮልት። የምትይዘው 2.5 ሚሊአምፒር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ብቻ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ማሽኗ የምትበላው ከዚያ በጣም ያነሰ ስለሆነ አንዴ ከሞላች ጨለማ ውስጥ ሆና እንኳ እንደ ሞዴሏ ስድስት ወር ያህል ትሠራለች።

እዚህ መድረስ ቀላል አልነበረም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ያማዛኪ ካሜኪቺ የተባለ የቶኪዮ ጌጣጌጥ ነጋዴ በ1918 ሾኮሻ የሚባል የሰዓት ምርምር ተቋም አቋቋመ፤ ጃፓኖች ያኔ የሚይዙት ሰዓት በአብዛኛው ከስዊዘርላንድና ከአሜሪካ የመጣ ነበርና በአገር ውስጥ መሥራት ፈለገ። በ1924 የመጀመሪያው የኪስ ሰዓት ወጣ። ሲቲዝን የሚለውን ስም ያወጣለት የቶኪዮ ከንቲባ የነበረው ጎቶ ሺምፔ ነው። ኩባንያው በዚሁ ስም የተመሠረተው በ1930 ነው። ከዚያ በኋላ የሠሩትን ስመለከት የሚገርመኝ፣ ሥራቸው ሁሉ የሚያተኩረው አያያዝ ላይ መሆኑ ነው። በ1956 ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያውን መውደቅና መመታት የሚችል ሰዓት፣ በ1959 የመጀመሪያውን ውሃ የማያስገባ ሰዓት ሠሩ፤ በ1963 ደግሞ ሰዓቶችን ተንሳፋፊ ነገር ላይ አስረው ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ለቀቋቸው። በ1970 በዓለም የመጀመሪያውን የቲታኒየም ሰዓት አወጡ። ዛሬ ብረት የሚያሳክካቸው ሴቶች ያለ ችግር የሚያስሯት ቀላል ሰዓት የዚያ ሥራ ውጤት ናት።

ብርሃንን የያዙት በ1976 ነው። በሶላር የሚሠራ ዲጂታል ሰዓት ከዚያ በፊት ሮጀር ሪል የተባለ አሜሪካዊ ሠርቶ ነበር፤ ቆጣሪ ያለው፣ ማለትም የተለመደው ዓይነት ሰዓት ግን የሲቲዝን ክሪስትሮን ሶላር ሴል ቀዳሚው ነው። ጊዜው የነዳጅ ቀውስ ካለፈ ብዙም ያልቆየበት ነበር። ግን ያቺ ሰዓት ሶላሮቹ ገጿ ላይ ተደርድረው በግልጽ ይታዩ ነበር። ለሴት ሰዓት ይህ ትልቅ እንቅፋት ነው፤ የሴት ሰዓት ገጽ ጠባብ ነው፣ ሶላሩ ቦታውን ከወሰደው ለጌጡ የሚተርፍ የለም። ጌጡ ቦታውን ከወሰደው ደግሞ ብርሃን አይበቃም። ኢኮ ድራይቭ በ1995 ሲመጣ መፍትሔው ሁለት ነበር፤ ሶላሩን ከገጹ ሥር መደበቅ፣ እና ለወራት የምታቆይ የሊቲየም ባትሪ ማስገባት። በ1996 የጃፓን የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር የኢኮ ምልክቱን ሲሰጥ ከሰዓት ወገን የመጀመሪያው ይህ ሆነ። በ2016 ማሽኑ ብቻ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ሙሉ ሰዓቱ 2.98 ሚሊሜትር የሆነ ሠሩ። ለእኔ ግን ትልቁ ሥራ የ1995ቱ ነው። እሱ ባይኖር ጠባቧ፣ ዛጎል ገጿ፣ ፈርጥ ያለባት የሴት ሰዓት በብርሃን አትሠራም ነበር።

አሁን ወደ ጎንደር ብርሃን እንምጣ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት ያለው ሰማይ ለዚህች ሰዓት የተመቸ ነው። በጠራራ ፀሐይ የሚገኘው ብርሃን 100,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ያህል ይደርሳል፣ በደመናማ ቀን ደጅ 10,000 ገደማ፣ በደንብ በበራ ቢሮ ውስጥ 500፣ ማታ አንድ አምፖል ባለው ሳሎን ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳል። እንደ ሞዴሏ ይለያያል እንጂ፣ አንድ ቀን የሚያሠራትን ኃይል ለማግኘት በጠራራ ፀሐይ ጥቂት ደቂቃ፣ በደመናማ ቀን ደጅ ሩብ ሰዓት ያህል፣ በ500 ሉክስ ብርሃን ግን ሦስትና አራት ሰዓት ያስፈልጋታል። ማለትም ከቤት እስከ ታክሲ የሚደረገው የጠዋት ጉዞ ብቻውን የቀኑን ወጪ ይሸፍናል፤ ክንዱ ከተገለጠ።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ጠዋት ብርድ ስለሆነ ሹራብ ይለበሳል፣ ነጠላ ወይም ጋቢ ይደረባል፣ እጅጌው ሰዓቷን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናታል። ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ፣ ቢሮ የምትውል ሴት፣ ረጅም እጅጌ የምትለብስ መምህርት ሰዓቷን በየቀኑ እያሰረች እንኳ ብርሃን ሊያንሳት ይችላል። ክረምት ሲገባ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ይህ ይብሳል። መፍትሔው ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ሰዓቷን ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋችሁ መስኮት ደፍ ላይ አውሏት። የመስኮቱ መስታወት ብርሃኑን በመጠኑ ቢቀንሰውም ችግር የለውም፤ መጋረጃ ግን ይከለክላል፣ መገለጥ አለበት። ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ነው፤ ብርሃኑ በቂ ሆኖ ሙቀቱ ገና አልከረረም።

ሙቀቱን የማነሣው በምክንያት ነው። ሰዓቷ ከ60 ዲግሪ በላይ መሞቅ የለባትም። ቶሎ ትሙላ ብሎ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ማስጣት፣ የመኪና ዳሽቦርድ ላይ መተው፣ ክር ያለው የድሮ አምፖል ሥር ማስጠጋት ባትሪዋንም፣ በክዳኗ ዙሪያ ውሃ የሚከለክለውን ጎማም ይጎዳል። የግድ በመብራት መሙላት ካስፈለገ የማይሞቅ ኤልኢዲ አምፖል ይሻላል፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አርቆ። እንጀራ ሲጋገር ከምጣዱ አጠገብ አታስቀምጧት። ጢስ ሲሞቅም ትፈታ።

ብርሃን ሲያንሳት ምልክት ትሰጣለች። ሰከንድ ቆጣሪዋ በየሰከንዱ መዝለሏን ትታ በሁለት ሰከንድ አንዴ፣ ሁለት ሁለት እያለች መዝለል ትጀምራለች። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ተበላሸች ብሎ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ይወስዳታል። አልተበላሸችም፤ ሰዓቱን በትክክል እየቆጠረች ነው፣ ብርሃን ስጡኝ እያለች ነው። በዚህ ጊዜ መስኮት ላይ ብትውል ወደ ቀድሞው ትመለሳለች። ጨርሳ ከቆመች በኋላ ብርሃን ስታገኝ ወዲያው መንቀሳቀስ ትጀምራለች፣ ይህ ግን ያታልላል። ስትንቀሳቀስ አይቶ ወዲያው ማሰር ስህተት ነው፤ በጣም ትንሽ ኃይል ይዛ ስለምትነሣ ማታውኑ ትቆማለች። ሰዓቷ ጨርሳ ከቆመች ቢያንስ ሁለት ሦስት ሙሉ ቀን መስኮት ላይ አውሏት፣ ከዚያ ሰዓቱን አስተካክሉ። ጨርሳ የማትመለስን ሰዓት ብርሃን ብቻ ከራባት ሰዓት የምትለዩት እዚህ ጋ ነው፦ ሦስት ቀን ብርሃን ጠግባ ቁም ሣጥን ውስጥ በአንድና በሁለት ቀን ከቆመች ባትሪዋ አርጅታለች። ሳምንታት ከቆየች ደህና ናት።

ብዙዎቹ የሴት ሰዓቶች ሰከንድ ቆጣሪ የላቸውም፤ ሁለት ቆጣሪ ብቻ ነው ያላቸው። እነዚህ ሁለት ሁለት የሚዘል ነገር ስለሌላቸው ማስጠንቀቂያው አይታይም፣ ድንገት ነው የሚቆሙት። ለእነሱ የሳምንቱን የመስኮት ቀን አለማጓደል ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የባትሪ መቀየሩ ነገር ነው። የቆመችውን ሰዓት መንገድ ዳር ለተቀመጠ ሰዓት ሠሪ ስትሰጡት ክዳኗን ከፍቶ የሚያገኘው 6.8 በ2.1 ሚሊሜትር የሆነች ባትሪ ናት። ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ በትክክል ይህን መጠን ያላት ተራ ባትሪ አለችው፤ 364 ወይም ኤስአር621ኤስደብልዩ የምትባለው። ስፋቷም ውፍረቷም አንድ ነው። ቮልቷም 1.55 ስለሆነ ከ1.5ቷ አይርቅም። ገብታ ትገጥማለች፣ ሰዓቷም ትነሣለች። እንዲያውም ተራዋ ባትሪ የምትይዘው ኃይል ከዋናዋ ወደ ስምንት እጥፍ ስለሚሆን ሰዓቷ ከበፊቱ ይልቅ ጥሩ የሆነች ይመስላል፣ ባለቤቷም ባለሙያውን አመስግና ትሄዳለች። ጉዳቱ በኋላ ነው የሚመጣው። ሶላሩ ሥራውን አያቆምም፤ ብርሃን ባገኘ ቁጥር ቻርጅ እንድትደረግ ያልተሠራችውን ባትሪ ቻርጅ ያደርጋታል። ባትሪዋ ውስጥ ጋዝ ይፈጠራል፣ ታብጣለች፣ ውስጧ ያለው ፈሳሽ ይወጣል፣ ማሽኑ ላይ ያለውን ከፀጉር የቀጠነ ጥቅል ሽቦ ይበላዋል። ያኔ ባትሪ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት።

ዋናዋን ከተራዋ በዓይን መለየት ይቻላል። ቻርጅ የምትደረገዋ ላይ በብየዳ የተያያዘች ስስ የብረት ምላስ አለች፣ ኤምቲ የሚሉ ፊደሎችም ተጽፈውባታል። ተራዋ ምላስ የላትም፣ ልሙጥ ናት። ስለዚህ ሰዓቷን ስትሰጡ «ሶላር ናት፣ ተራ ባትሪ እንዳትገባባት» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሲከፈት ቁሙና እዩ። ዋናዋ ባትሪ ጎንደር ካልተገኘች ተራዋን ለጊዜው ማስገባት አይመከርም። ሰዓቷ ቆማ ብትጠብቅ ምንም አትሆንም። ጥሩ ባለሙያ ባትሪዋን በብረት መቆንጠጫ ላይና ታቿን ባንዴ አይዝም፣ በዚያ አጭር ቅጽበት ኃይሏ ይፈሳልና፤ የፕላስቲክ መቆንጠጫ ይጠቀማል ወይም በጎንዋ ይይዛታል። ክዳኑን ከመዝጋቱ በፊት ደግሞ ዙሪያውን ያለውን ጎማ ያያል። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ከተጠፈጠፈ መቀየር አለበት፤ ደህና ከሆነ በጣም ትንሽ የሲሊኮን ቅባት ይቀባዋል። ይህን የሚያደርግ ሰዓት ሠሪ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ቀን የምታሳይ ሰዓት ከሆነች ሌላ የሚታወቅ ነገር አለ። የቀን ቁጥሯ ከ1 እስከ 31 ነው የሚዞረው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ብትሞሉት በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ፣ 31 ቀን ከሌላቸው ወሮች ማግስት፣ ማስተካከል ይበቃል። በእኛ አቆጣጠር ከሞላችሁት ግን አሥራ ሁለቱም ወሮች 30 ስለሆኑ በየወሩ 31 ስትመጣ አንዴ ወደ 1 ማሳለፍ ያስፈልጋል። ጳጉሜን 5 ሲያልፍ ደግሞ ሰዓቷ 6 ስለምታሳይ መስከረም 1ን ለማግኘት 26 ጊዜ ማዞር ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነበት ዓመት 25። በድምሩ በዓመት 13 ማስተካከያ። እኔ ይህን ሥራ አልጠላውም፣ ግን ጎኗ ላይ ያለችው ማዞሪያ ቁልፍ በተሳበች ቁጥር ውሃ መግቢያ ስለሚከፈት እጅ ደረቅ ሲሆን ይደረግ።

ሰዓቷንም በሐበሻ ሰዓት የሚሞሉ አሉ፣ በፈረንጅ ሞልተው ትይዩውን የሚያነቡም አሉ። በሐበሻ ከሞላችሁት ቀኑ የሚዘለው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ስለሆነ፣ ወይ ንጋት ላይ ወይ ምሽት ላይ ነው የሚሆነው። ንጋት ላይ እንዲሆን ቁልፏን ሁለተኛው ደረጃ ድረስ ሳቡና ቀኑ እስኪዘል አዙሩ፤ የዘለለባት 12 የጠዋቷ 12 ትሁን ብላችሁ ከዚያ ወደ ፊት ወደ ትክክለኛው ሰዓት አምጡት። ቀኑን ለብቻው የሚያዞረው የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ቆጣሪዎቹ ከ9 እስከ 1 ባለው ቦታ ላይ ቀኑ ሊለወጥ ሲል ግን አትንኩት። ጥርሶቹ በዚያ ሰዓት ተያይዘዋል፣ በግድ ከተዞሩ ይሰበራሉ ወይም ቀኑ ግማሽ ላይ ይቆማል።

ውሃን በተመለከተ ጀርባዋ ላይ ያለውን አንብቡ። «ዋተር ሬዚስት» ብቻ የሚል ከሆነ ዝናብንና እጅ መታጠብን ትችላለች፣ ከዚያ በላይ አይደለም። 5 ባር (ባር የውሃ ግፊት መለኪያ ነው) ካለ በመዋኛ ጊዜ ልትታሰር ትችላለች፤ 10 ባር ከሆነ የበለጠ ትቋቋማለች። በጥር 11 በፋሲለደስ መዋኛ የሚረጨውን ጠበል ብዙዎቹ ይችሉታል፤ ለሚዘሉበት ግን «ዋተር ሬዚስት» ብቻ ያላትን ማውለቅ ይሻላል። ሊጥ ስታቦኩም አውልቋት፣ ሊጡ የሰንሰለቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ፒኖቹን ያግዳቸዋል። በማግኔት የሚዘጋ ቦርሳና የስልክ ሽፋን አጠገብም አታሳድሯት። ማግኔቱ ማሽኗን ያቆመዋል፤ ስትርቅ ትሠራለች፣ ሰዓቱ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል።

ፎርጅድ ገበያው ላይ አለ። ገጹ ላይ «ኢኮ ድራይቭ» መጻፍ ከባድ አይደለም፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ገጽ መሥራት ግን ወጪ ነው። የስልክ ባትሪ መብራት ከጎን ሲበራባት የዋናዋ ገጽ ጥልቀት አለው፣ ከሥሩ ጠቆር ያለ ነገር ያለ ይመስላል፤ የፎርጅዱ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ስለሆነ ብርሃኑን መልሶ ይወረውረዋል። ጀርባዋ ላይ በሰረዝ ከተለያዩት ቁጥሮችና ፊደሎች የመጀመሪያዎቹ አራቱ የማሽኗ መለያ ናቸው፣ በእነሱ ሞዴሏን የሚመለከት መመሪያ ይገኛል። ሻጩ ክዳኗን ቢከፍትላችሁና ምላስ የሌላት ባትሪ ብታዩ፣ ወይ ፎርጅድ ናት ወይ ያልሆነ ባትሪ ገብቶባታል፤ በሁለቱም አትግዙ።

ከውጭ የመጣች ሰዓት ሰንሰለቷ ብዙ ጊዜ ይሰፋል። ሰንሰለቱ ውስጡን ሲያዩት ትናንሽ ቀስቶች አሉ፤ ፒኑ የሚገፋው ቀስቱ ወደሚያመለክትበት አቅጣጫ ነው፣ ሲመለስ ደግሞ በተቃራኒው ይገባል። ከማያያዣው ግራና ቀኝ እኩል ቁጥር አውጡ፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ትርፉን ከ6 ቁጥር በኩል ቀንሱ፣ ማያያዣው ክንድ መሃል እንዲቀመጥ። ትንሿ ጣት በሰንሰለቱና በክንዱ መካከል የምትገባ ከሆነ ልኩ ደህና ነው። የወጡትን ቁርጥራጮችና ፒኖቻቸውን በፖስታ አድርጋችሁ ከዋስትና ወረቀቱ ጋር አስቀምጡ፤ ያንኑ ዓይነት ሰንሰለት በኋላ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።